እስከ መቼ ይጠበቃል? ስለ ኮምፒውተር ዲስክና ስለ ጊዜ ገደብ ታሪክ

(በራዲዮ ከተነበበ ንግግር)

በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ሁሉ የሥራው እኩሌታ መጠበቅ መሆኑን ያውቃል። ደብዳቤ ጽፎ መልሱን ይጠብቃል፤ የበላዩን ፊርማ ይጠብቃል፤ ፋይሉ ከመዝገብ ቤት እስኪወጣ ይጠብቃል። ነገር ግን ለመጠበቅም ልክ አለው። መልሱ በዘገየ ጊዜ «ደብዳቤው ጠፍቶ ይሆናልና እንደገና እንጻፍ» የሚል ሰው ካልተገኘ ጉዳዩ በዚያው ተቀብሮ ይቀራል። በማግሥቱ ተነሥቶ «መልስ አልመጣም» በማለት ፋይሉን የሚዘጋ ችኩል ከተገኘም መልሱ በመንገድ ላይ ሳለ ባለጉዳዩ ይጎዳል። እንግዲህ እስከ መቼ ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም ከአስተዳደር ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ይኸው ጥያቄ በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደ ተነሣ፥ በየዘመኑም ምን መልስ እንደ ተሰጠው፥ መዝገብ በአደራ ለተረከበ የመንግሥት ሠራተኛም ምን እንደሚያገባው ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከመጀመራችን በፊት ከከፋ እንነሣ። ከቦንጋ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ቢታ ገነት ዛሬ የቢታ ወረዳ መቀመጫ ናት። ያ ደጋና ደን የሞላበት የከፋ አገር ቀድሞ የራሱ ንጉሥ የነበረው መንግሥት ነበር። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ ዋናው ከተማ አንድራቻ ነበር። መንግሥቱም ዳር ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር አስከብቦ፥ መግቢያውን በኬላ ያስጠብቅ ነበርና እንግዳ ሰው ያለ ንጉሡ ፈቃድ ኬላውን አልፎ እንደ ልቡ ወደ ውስጥ አይዘልቅም ነበር። ይህ ሥርዓት የቆየው ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በመሩት በ1889 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ መንግሥቱ ወድቆ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረክ ድረስ ነው።

አሁን አንባቢ ራሱን በዚያ የኬላ ዘበኛ ቦታ አድርጎ ይመልከት። እንግዳ መጥቶ በደጅ ቆሟል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ መልክተኛ ወደ ቤተ መንግሥት ተልኳል። ዘበኛው መልሱን እስከ መቼ ይጠብቅ? ኬላው ለአንድራቻ የቀረበ እንደ ሆነ መልሱ በዕለቱ ሊደርስ ይችላል፤ ወንዝና ዳገት የሚለየው እንደ ሆነ ግን ብዙ ቀን ይፈልጋል። ለኬላዎች ሁሉ አንድ ቁጥር ቢቈረጥ በአንዱ ሲበዛ በሌላው ያንሳል። ስለዚህ ልኩን የሚቈርጠው ሰው መንገዱን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሁለተኛም ነገር አለ። መልክተኛው ንጉሡን ባያገኝ፥ «አላገኘኋቸውም» ብሎ ዘበኛው ተስፋ ሳይቈርጥ መመለስ ይገባዋል እንጂ አፉን ዘግቶ ከአደባባይ አደባባይ ሲዞር መሰንበት የለበትም። ክፉም ቢሆን በጊዜው የደረሰ መልስ ከዝምታ ይሻላል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንባቢ በልቡ ይያዛቸው፤ የኮምፒውተሩ ታሪክ የሚዞረው በነዚሁ ላይ ነው።

በኮምፒውተር ውስጥ ጠቅላላውን ሥራ የሚያዝዘው ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል፤ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና ተብሏል። ዲስኩ ደግሞ የኮምፒውተሩ መዝገብ ቤት ነው። አዛዡ «ይህን ገጽ አምጣልኝ» ይላል፤ ዲስኩም ፈልጎ ያመጣል። አዛዡ ትእዛዝ ከሰጠ በኋላ መልስ ሳያገኝ የሚታገሥበት ልክ የጊዜ ገደብ ይባላል።

የዚህ ነገር ታሪክ ከዲስክ ታሪክ ጋራ አብሮ ይሄዳል። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ራማክ በተባለው ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ዲስክ ለገበያ አወጣ። በላይ በላያቸው የተደረደሩ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ ሳሕን ወርድ 61 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ አንድ ቶን የሚጠጋው ይህ መሣሪያ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ሲሆን፥ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት በመካከለኛ ግምት ስድስት አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ይህ ለሰው የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ብዙ ሥራ የሚሠራበት ረጅም ጊዜ ነው።

ከዚህም የተነሣ አንድ ልማድ እየጸና ሄደ። ይኸውም አዛዡ ዲስኩን ካዘዘ በኋላ በአጠገቡ ቆሞ እንደ መጠበቅ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፤ ዲስኩም ሥራውን ሲፈጽም ምልክት ሰጥቶ ይጠራዋል። ይህ ልማድ ጊዜ የሚቈጥብ መልካም ልማድ ሆነ። ነገር ግን አንድ አደጋ አስከትሏል። ምልክቱ በመንገድ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ወይም ዲስኩ በመካከል የተበላሸ እንደ ሆነ፥ አዛዡ የማይመጣ ጥሪ ሲጠብቅ ይኖራል። ስለዚህ በአይ ቢ ኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮች ሥርዓት ውስጥ የቀረ ምልክትን የሚከታተል ክፍል ተሠራ። ሥራውም «ይህ መሣሪያ መልስ ሊሰጥ ከሚገባው ጊዜ አሳልፏል» ብሎ ማስታወቅ ነው። የማስታወቂያውንም ጊዜ ለየመሣሪያው ዓይነት የኮምፒውተሩ ኃላፊ ራሱ እንዲወስነው ተደረገ። ልኩን መንገዱን የሚያውቅ ይቍረጥ ያልነው ይህን ነው።

ትንንሽ ኮምፒውተሮች በበዙ ጊዜ ነገሩ ሰፋ። ሹጋርት አሶሺየትስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ዲስክና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበትን አንድ መንገድ መሥራት ጀመረ፤ ይህም ተሻሽሎ በ1986 ስከዚ በሚል ስም የአሜሪካ ደረጃ ሆነ። በዚህ ደረጃ ውስጥ ሁለት ዓይነት መጠበቅ ተለይቶ ይታያል። አንደኛው ሰላምታ ነው። አዛዡ መሣሪያውን «አለህ?» ብሎ ሲጠራ እንዲጠብቅ የተመከረው 250 ሚሊ ሰከንድ፥ ማለት የሰከንድ ሩብ ብቻ ነው። በቤት ያለ ሰው «አቤት» ለማለት ብዙ አይቸገርምና። ሁለተኛው ግን የሥራው መጠበቅ ነው። ይህ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያልና በአንድ ቁጥር ሊታሰር አልቻለም፤ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፍርድ ተተወ።

ፍርዱም የተለያየ ሆነ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ገና በፊንላንድ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውና ዛሬ አብዛኛውን የዓለም ሰርቨር የሚያዝዘው ሊኑክስ ለዲስክ የሰጠው ልክ 30 ሰከንድ ነው። ፍሪ ቢ ኤስ ዲ የተባለው ሌላው ሥርዓት ለተመሳሳይ ሥራ 60 ሰከንድ ሰጥቷል። ሊኑክስ ራሱ ለቴፕ የሰጠው ልክ 900 ሰከንድ፥ ማለት 15 ደቂቃ ሲሆን፥ ቴፑን ወደ መነሻው እንደ መጠቅለል ላለ ረጅም ሥራ ደግሞ 14000 ሰከንድ፥ ማለት ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይታገሣል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው እነዚህ ቁጥሮች የተፈጥሮ ሕግ አለመሆናቸውን ነው። በአንድ ዘመን፥ አንድ ዓይነት መሣሪያ በዓይነ ልቡናው ይዞ የሠራ ባለሙያ በግምት የቈረጣቸው ናቸው።

ገደቡ ያለፈ እንደ ሆነስ ምን ይደረጋል? ሊኑክስ በአንድ ጊዜ ተስፋ አይቈርጥም። መጀመሪያ ያን አንድ ትእዛዝ ይሰርዛል። ይህ ካልሆነለት ዲስኩን ሥራውን ሁሉ አስጥሎ እንደ አዲስ ያስነሣዋል። ያም ካልረዳ የጋራውን መሥመር፥ በመጨረሻም መሥመሩ የተያያዘበትን ካርድ እንደ አዲስ ያስነሣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዲስኩ ዝም ያለ እንደ ሆነ «ከአገልግሎት ውጭ» ብሎ ይመዘግበውና ሰው ገብቶ እስኪያቃናው ድረስ ፊቱን ያዞርበታል። ሥርዓቱ ከማስጠንቀቂያ ተነሥቶ እስከ ስንብት እንደሚደርስ የሠራተኛ ቅጣት ነው ቢባል ነገሩን ያስረዳል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ አዛዡ ትዕግሥት ነው። ዲስኩም የራሱ ትዕግሥት እንዳለው ግን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ብዙ መዝገብ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። በዲስክ ላይ ሴክተር የሚባል ትንሽ ክፍል በተበላሸ ጊዜ ዲስኩ ወዲያው «አልቻልሁም» አይልም፤ ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል። ለቤት አገልግሎት በተሠሩ ርካሽ ዲስኮች ዘንድ ይህ ሙከራ ሁለት ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊቈይ ይችላል። ይህም ለቤት መልካም ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ቅጂ የለውምና ዲስኩ እስከ መጨረሻው ቢደክምለት ይጠቅመዋል።

በመሥሪያ ቤት ሰርቨር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፥ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብዙ ርካሽ ዲስኮችን በማኅበር አያይዞ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ የሚሸፍኑበትን ዘዴ በጽሑፍ አወጡ። ይህም ሬድ የተባለው ነው። ዛሬ ሰርቨር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ማኅበር ውስጥ አንድ ዲስክ የሚጠፋበትን ጥቂት ፊደል ሌሎቹ አስልተው ሊመልሱለት ይችላሉ። የሚፈለግበት ነገር ቶሎ «ይህችን አላገኘኋትም» ማለት ብቻ ነው።

የርካሹ ዲስክ ልማድና የሊኑክስ ልማድ በዚህ ማኅበር ውስጥ የተገናኙ እንደ ሆነ ምን እንደሚከተል አንባቢ ይመልከት። ዲስኩ አንዲት የተበላሸች ሴክተር ለማንበብ ለሁለት ደቂቃ ይታገላል። አዛዡ በ30ኛው ሰከንድ ትዕግሥቱ ያልቅና ትእዛዙን ይሰርዛል፤ ዲስኩን እንደ አዲስ ለማስነሣት ይጠራዋል። ዲስኩ ገና በትግሉ ላይ ነውና አይመልስም። አዛዡም ሞቷል ብሎ ከማኅበሩ ያስወጣዋል። ባለሙያው አዲስ ዲስክ ያስገባል፤ አዲሱን ለመሙላት የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው። በዚህ ንባብ መካከል ሁለተኛው ዲስክ የራሱን ትንሽ ጉዳት ያገኛል፤ እርሱም ዝም ይላል፤ እርሱም ይባረራል። ማኅበሩ የአንድ ዲስክ ጉድለት እንጂ የሁለት መሸከም የማይችል የሆነ እንደ ሆነ መዝገቡ በሙሉ ይፈርሳል። ሁለቱም ዲስኮች ግን ከጥቂት ፊደላት በቀር ደኅና ነበሩ። መዝገቡን ያጠፋው የዲስኮቹ መበላሸት ሳይሆን የሁለት ሰዓቶች አለመስማማት ነው።

መፍትሔውም ሁለት ነው። አንደኛው የዲስኩን ትግል ማሳጠር ነው። ለማኅበር በተሠሩ ዲስኮች ዘንድ የተለመደው ልክ 7 ሰከንድ ነው፤ በብዙ ዲስኮችም ይህን ቁጥር ባለሙያው ሊለውጠው ይችላል። ዲስኩ በ7ኛው ሰከንድ «ይህችን አላገኘኋትም» ይላል፤ አዛዡ ከሌሎቹ አስልቶ የጠፋውን ይመልሳል፤ በዚያችው ቦታ ላይም እንደገና ይጽፍበታል፤ በጽሕፈት ጠረጴዛው ያለው ሠራተኛም ምንም ሳያውቅ ሥራው ይቀጥላል። ሁለተኛው መንገድ ዲስኩ እንዲህ ያለ ልክ የማይቀበል በሆነ ጊዜ የሚደረግ ነው። ያን ጊዜ የአዛዡን ትዕግሥት ማስረዘም፥ ይኸውም ከ30 ሰከንድ ወደ 180 ሰከንድ ማድረስ ያስፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ሕጉ አንድ ነው፤ ታዛዡ ከአዛዡ በፊት ተስፋ ይቍረጥ።

ይህን ለማድረግ ግን ቁጥሩ የሚለወጥ መሆን ነበረበት። በቀድሞው ሊኑክስ 30 የሚለው ቁጥር በፕሮግራሙ አካል ውስጥ የተጻፈ ነበርና እርሱን ለመለወጥ ፕሮግራሙን ራሱን አሻሽሎ እንደገና ማዘጋጀት ያስፈልግ ነበር። በ2.6 እትም ዘመን ግን ለእያንዳንዱ ዲስክ ባለሙያው ገብቶ ሊጽፍበት የሚችል ትንሽ ሰሌዳ ተከፈተ። ዊንዶውስም እንዲሁ በመዝገቡ ውስጥ በሰከንድ የሚጻፍ ቦታ ሰጥቷል። ውሳኔው ከፕሮግራሙ ጸሐፊ እጅ ወጥቶ ዲስኩን በዓይኑ ወደሚያየው ሰው እጅ የተላለፈው በዚህ መንገድ ነው።

ዘመኑም ይህ ሥልጣን አስፈላጊ መሆኑን እያሳየ ሄደ። ዛሬ ብዙው ዲስክ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሳይሆን በመሥመር ማዶ፥ አንዳንዴም በሌላ አገር ነው። ቪ ኤም ዌር የተባለው ኩባንያ በእርሱ ሥርዓት ውስጥ ለሚሠሩ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ገደቡን 180 ሰከንድ ያደርጋል። አማዞን ደግሞ በኪራይ ለሚሰጠው ማከማቻ ገደቡ የመጨረሻው ትልቅ ቁጥር፥ ማለት 4294967295 ሰከንድ እንዲደረግ ይመክራል። ይህ ወደ ዓመት ሲመነዘር 136 ዓመት ያህል ነው። ምክንያቱም በዚያ ዘንድ መዘግየት የሞት ምልክት አይደለም፤ ማዶ ያለው ማከማቻ በባለሙያዎች ይጠበቃልና ይመለሳል ተብሎ ይታመናል። ችኩሉ አዛዥ ግን ተስፋ የቈረጠ እንደ ሆነ ፋይሎቹን ከጉዳት ለመጠበቅ ብሎ መጻፍን ሊከለክል ይችላል፤ ከዚያም ወዲያ ማንበብ እንጂ መጻፍ የለም።

ይሁን እንጂ ትዕግሥት ሁሉ ደግ ነው ማለታችን አይደለም። ዲስኩ በእርግጥ የሞተ እንደ ሆነ ረጅም ገደብ ማለት በመስኮቱ ፊት የቆመው ባለጉዳይ በከንቱ መጠበቅ ማለት ነው። እጅግ አጭር ገደብም የራሱ ጥፋት አለው። አርፎ የቆመ ዲስክ ተነሥቶ መሽከርከር እስኪጀምር ብዙ ሰከንድ ይፈልጋልና፥ አምስት ሰከንድ ብቻ የሚታገሥ አዛዥ የተኛውን ሁሉ ሬሳ ያደርገዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህም ይሆናል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳ ኔት በተባለው ሥራ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋራ ማገናኘት ሲጀመር ሩቅ ቦታዎች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር 36000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቆማልና ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ይህን የብርሃንን ፍጥነት የሚለውጥ እንጂ ሌላ አያሳጥረውም። ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ተጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተቋቁሞ ከፋ በእርሱ ውስጥ ሆነ። የመሬት ይዞታ፥ የደመወዝና የልደት መዝገብ ከወረቀት ወደ ዲስክ እየተሻገረ በሚሄድበት በዚህ ዘመን፥ በቢታ ገነት ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ያለ መዝገብ ቢቀር ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ልደቱ የጠፋበት ልጅ ዕድሜውን የሚያስመሰክርለት ሽማግሌ ፍለጋ ይሄዳል፤ የይዞታው መዝገብ የጠፋበት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋራ ይካሰሳል።

በሩቅ ወረዳ ደግሞ በከተማ የማይታሰብ አንድ ነገር አለ። በዲስኩ ላይ የተጻፈው የ7 ሰከንድ ልክ በብዙ ዲስኮች ዘንድ ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ይጠፋል። በሊኑክስ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ 30 ይመለሳል። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር የባለሙያው ጥንቃቄ ይታጠባል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ቀን በእጅ ተጽፎ የሚተው ሳይሆን ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ራሱ እንዲጽፈው መታዘዝ አለበት።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ የኮምፒውተር ባለሙያ ላይሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የመዝገብ ኃላፊ ከሆኑ ባለሙያዎን አራት ነገር ሊጠይቁ ይገባዎታል። ዲስኮቻችን ለማኅበር የተሠሩ ናቸው ወይስ ለቤት? ዲስኩ ስንት ሰከንድ ይታገላል፥ አዛዡስ ስንት ይታገሣል? ይህ ልክ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በቦታው ይገኛል? በመጨረሻም፥ ይህ ሁሉ ቢከሽፍ የመዝገቡ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቤት አለ? የኋለኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሁለተኛ ቅጂን የሚተካ የጊዜ ገደብ የለምና። እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አንድ ጥዋት ብቻ ነው።

የከፋው ኬላ ዘበኛና የዛሬው ሰርቨር ባለሙያ የተሰጣቸው አደራ አንድ ነው። ሁለቱም የማያዩትን ሰው መልስ ይጠብቃሉ። ዝምታ በሆነ ጊዜም መዘግየት ነው ወይስ ሞት ብለው መፍረድ አለባቸው። ይህን ፍርድ ከሩቅ የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ በአንድ ቁጥር ሊጨርሰው አይችልም፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንዲፈርድ ሥልጣን ይፈልጋል። ያ ሥልጣን ለኮምፒውተር ባለሙያ ከተሰጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የቀረው እንዲጠቀምበት መጠየቅ ነው።